ሰው ያልሞተበት ድንኳን

ከምኖርበት ብሎክ ጎን ኮሚናል እያልን የምንጠራው ሰፊ ቤት አለ። ገርጂ የሚገኘውን የጋራ መኖሪያ ግቢያችንን የሠሩት ሰዎች ስለ ነዋሪው ኑሮ አንድ ነገር በሚገባ አስበው ከነበረ እርሱን ነው። አንዲት መኝታ ክፍል ባላት ቤት በግ አይታረድም፤ የሠርግ ድስት አይጣድም፤ ቤተ ዘመድ ሁሉ አይስተናገድም። ስለዚህ እርዱም፣ ድግሱም፣ የለቅሶው ንፍሮም የሚሰናዳው በኮሚናሉ ውስጥ ነው። የሲሚንቶ ወለሉ የስንቱን ቤት ቅቤና በርበሬ ስለጠጣ የመጀመሪያ ቀለሙን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

እኔ በዩኒቨርሲቲ የጥንቱን የሙግት ሥርዓት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በግቢው ዶክተር የሚሉኝም አሉ። አባቶቻችን በአደባባይ እንዴት ይካሰሱ እንደነበር፣ ከሳሽ ምን ብሎ እንደሚጀምርና ተከሳሽ ምን ብሎ እንደሚመልስ ለብዙ ተማሪ አስረድቻለሁ። ከመማሪያ ክፍል ውጭ ግን ዝምተኛ ነኝ። ዝምታዬ ከተፈጥሮዬ ብቻ የመጣ አይደለም። በወጣትነቴ ዘመን ብዙ የተናገሩ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው አይቻለሁ፤ ስለዚያ ዘመን ከዚህ አልፌ መጻፍ አልፈልግም። በግቢያችን ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤ እጅ ሲወጣ ከብዙኀኑ ጋር አወጣለሁ፤ ደረጃ ላይ የማገኘውን ሁሉ ባርኔጣዬን ነካ አድርጌ ሰላም ብዬ አልፋለሁ። ብዙዎቹ ጎረቤቶቼ ድምፄን በቅጡ አያውቁትም ነበር።

ከእኔ በላይ ካለው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ ግን ዝም በሚል ሰው የምትሸነፍ አይደለችም። ገርጂ ዋናው መንገድ ዳር የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ያሳደገቻት አንዲት ልጇ አየር ማረፊያው ውስጥ መንገደኛ በማስተናገድ ሥራ ላይ ናት። ልጅቱ ታጭታ፣ ሠርጉ ለግንቦት ተቆርጦ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰሞን አንድ ማለዳ እናትና ልጅ ተከታትለው በሬን አንኳኩ።

«ጋሼ፣ ጉድ አላዩም?» አለችኝ እናቲቱ ገና ሳትቀመጥ።

«ምን ተፈጠረ?»

«ኮሚናሉ ተቆልፏል። ሶፋ ገብቶበታል!»

«የማን ሶፋ?»

«የነጋዴ ነዋ! መጋዘን አድርገውት። በመስኮት አጮልቄ አየሁት፤ ላስቲኩን እንኳ ሳያወልቅ፣ ጌታ መስሎ ተኮፍሶ ተቀምጧል። እኔ ልጄን የት ልዳራት? ደረጃ ላይ?»

ልጅቱ ስልኳን እየነካካች፣ «እማዬ፣ እኔ እኮ መጀመሪያም ሆል እንያዝ ብዬሻለሁ» አለች። «ሲኤምሲ ጋ ምን የመሰለ አለ። ዲኮሩ፣ ካሜራው፣ ሁሉም በፓኬጅ ነው። ኖ ስትረስ።»

«አንቺ ዝም በይ! አባትሽን የሸኙት፣ አንቺን ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ምሳ ያበሉሽ ሰዎች እዚህ ናቸው። የማያውቁሽ ሰዎች በር ላይ ቆሜ እንግዳ አልቀበልም። ሙሽራ ሆነሽ የምትወጪው ከዚህ ደጅ ነው። አለቀ።»

እናቲቱ ቀድማ ሄዳ የነዋሪዎች ማኅበሩን ሊቀመንበር አነጋግራው ኖሯል። ሊቀመንበሩ በአየር ማረፊያው የጭነት ክፍል ለረጅም ዘመን ያገለገለ፣ ዕቃ ከቦታው ውጭ ተቀምጦ ሲያይ የሚያመው፣ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። የመለሰላት ቃል አንድ ብቻ ነበር፦ «ኮሚቴው ወስኗል።» የጋራ ቤት ለምን ተግባር እንደሚውል የሚወስነው የነዋሪው ጠቅላላ ጉባኤ መሆኑን ግን በግቢው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እርሱም ጭምር ያውቃል።

በዚያው ቀን ወደ ማምሻው ላይ ጎረቤቶች ከብሎካችን በታች ተሰበሰቡ። እኔንም ጎረቤቴ በግድ ጎትታ አወረደችኝ። አንዱ ቁልፉ ይሰበር ይላል፤ ሌላው ወረዳ ሄደን እንጩህ ይላል፤ ሙሽሪት ደግሞ ቪዲዮ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ልትለቀው ተነሥታ ነበር።

«ሶፋውን ከታች ጀምሬ ቀስ ብዬ አነሣዋለሁ» አለች። «ከኋላው ክራር ነገር አስገባበታለሁ። በአንድ ቀን ቫይራል ነው።»

«ነጋዴውን ልታስተዋውቂለት ነው?» አላት ከጎረቤቶቹ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ።

በዚህ መካከል ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ዕድሜ ልክዎን ስለ ሙግት ያስተማሩት ምን ሊሠራልዎት ነው? እስቲ አንድ ነገር ይበሉን።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። የሚቀናኝን ያንኑ አንድ ነገር ተናገርሁ። «ዝም ብለን እንቀመጥ» አልኋቸው። «እሑድ ጠዋት በኮሚናሉ ደጃፍ እንቀመጥ። ጩኸት የለ፣ መፈክር የለ። ሊቀመንበሩ መጥቶ እስኪያነጋግረን ድረስ ማንም ቃል አይተንፍስ። በገዛ ቤታችን ደጃፍ ዝም ብለን ብንቀመጥ ምን ተብለን እንወቀሳለን?»

ሐሳቡ ከጠበቅሁት በላይ ተወደደ። ዝናብ ቢመጣስ የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ የበልጉ ዝናብ ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ያካፋ ነበር። የዕድራችን ዳኛ በዚያ ተገኝተው ነበር። እኚህ ሽማግሌ ግቢያችን የቆመበትን መሬት ከወንድሞቻቸው ጋር ሲያርሱ የኖሩ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እያፈራረቁ የሚቀልዱ፣ ሰው የሚታዘዛቸው አባት ናቸው።

«ድንኳኑን እኔ አወጣለሁ» አሉ። «አግዳሚውንም ጭምር። ድንኳኑ እንደሆነ ሥራ ፈቷል፤ በዚህ ወር አንድም ሰው አልሞተልንም።»

«አባባ! ምን ዓይነት ንግግር ነው?» አለች ጎረቤቴ።

«ታዲያ ውሸት ነው? ደህና ከርማችኋል። ተመስገን ነው ያልሁት።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አስቀድመን ማሰብ ነበረብን። አንድም ሰው አላሰበውም።

እሑድ ጠዋት ነቅቼ በመስኮት ስመለከት ድንኳኑ ተተክሏል። ጎረቤቶቼ ለብርዱ ነጠላና ጋቢ ደርበው፣ አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ በቃላቸው መሠረት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተቀምጠዋል። እኔም ልወርድ ጫማዬን አጠለቅሁ። ከዚያ መልሼ አወለቅሁ። ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ሆኜ ሳለ ደረጃውን ለመውረድ እግሬ እሺ አላለኝም። ሰው ተሰብስቦ ባለሥልጣን የሚጠይቅበት ቦታ ሄዶ መገኘት፣ ባለሥልጣኑ የአንድ ግቢ ሊቀመንበር እንኳ ቢሆን፣ ለእኔ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ መመልከቱን መረጥሁ።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች በግቢያችን መካከል ነው የሚያልፉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች ድንኳኑን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ተያዩ። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡና ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቀጥለው ባልና ሚስት ገቡ። ቀጥለው ከወዲያኛው ብሎክ አንድ ሙሉ ቤተሰብ። ከመስጊድ መልስ የዘወትር መንገዳቸው በዚያ የሆነ አንድ ጎረቤታችንም ቆም ብለው አይተው፣ በቀኝ እጃቸው ደረታቸውን ነክተው ገቡ። የገባው ሁሉ በሹክሹክታ ጎኑ ያለውን ይጠይቃል፤ ጎኑ ያለው ደግሞ ቃል ላይተነፍስ ምሏልና ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ጠያቂው ያንን ሲያይ፣ «አይ፣ ከባድ ኀዘን ነው» ብሎ እርሱም ዝም ይላል።

ሲቆይ ነው የገባኝ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ነጠላ፣ ዝምታ፤ ለአገራችን ሰው ይህ ሁሉ ሲገናኝ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ለተቃውሞ የተቀመጠውን ሕዝብ ሰው ሁሉ ለቀስተኛ አድርጎት ነበር።

ያልገባኝ ግን ሟቹ ማን እንደሆነ ነበር። ኋላ እንደተነገረኝ ከሆነ፣ ድንኳኑ የተተከለው ከእኔ ብሎክ አጠገብ ስለነበር ከውጭ የቆሙት ሰዎች እርስ በርስ ተመካክረው ደርሰውበታል።

«ከዚህ ብሎክ ነው መሰለኝ።»

«ሽማግሌው ይሆናሉ፤ ባርኔጣ የሚያደርጉት። ሰሞኑን አላየኋቸውም።»

«እኔም አላየኋቸውም። ነፍስ ይማር፤ ምን የመሰሉ ሰው ነበሩ።»

ጥቂት ቆይቶ የማኅበረሰብ ፖሊሱ መጣ። ወጣት ነው፤ አካሄዱ ግን ኮስተር ያለ ነው። አሁን ፈቃድ አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል፣ የሐሳቡ ባለቤት ማን ነው ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ልጁ ከድንኳኑ ደጃፍ ሲደርስ ቆቡን አወለቀ፤ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጽናችሁ» አለና ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጠ። ያን ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቁ ድፍረት ሳይሰጠኝ አልቀረም። ጫማዬን አጥልቄ፣ ከዘራዬን ይዤ ወረድሁ።

ከደረጃው ግርጌ፣ ፔርሙስ ሻይ ይዛ ለለቀስተኛ የምትጣደፍ አንዲት ሴት አገኘችኝ። ቀና ብላ አየችኝ። «በስመ አብ!» ብላ ፔርሙሱን ታቅፋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ባርኔጣዬን ነካ አድርጌ ሰላም አልኋት። አማተበች።

ወደ ድንኳኑ የደረስሁት ከኋላ በኩል ነው። በመግቢያው ላይ ሊቀመንበሩ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባውን ወደ እኔ አድርጎ ቆሟል። የማኅበሩ ሊቀመንበር በመሆኑ ጥቂት የማጽናኛ ቃል መናገር እንዳለበት ራሱን አሳምኖ ነው የመጣው። የድንኳኑን ዝምታ ሲያይ ደግሞ ይበልጥ ልቡ ተነክቷል።

«ወገኖቼ» ይላል፣ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ። ዶክተር ትልቅ ሰው ነበሩ። እኔ ይህን ማኅበር ስመራ አንድም ቀን አስቸግረውኝ አያውቁም። ውኃ ሲጠፋ ዝም። መብራት ሲጠፋ ዝም። 'ለምን?' የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አልሰማሁም። እጅ አውጡ ሲባል ያወጣሉ፤ አውርዱ ሲባል ያወርዳሉ። ሁላችንም እንደ እርሳቸው ብንሆን ኖሮ ይህ ግቢ ገነት በሆነ ነበር!»

ከፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሁሉ ከትከሻው በላይ እኔን እያዩኝ ነው። እንዳይናገሩ ምለዋል፤ እንዳይስቁ ቦታው አይደለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎረሱት። የወንዶቹ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የዕድሩ ዳኛ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሊቀመንበሩ ይህን ሁሉ እንደ ልቅሶ ወስዶት ድምፁ ሰለለ፤ እርሱም መሀረብ አወጣ።

«አልቅሱ» አለ። «ይገባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ አናገኝም።»

በሕይወቴ ብዙ ምስጋና አላገኘሁም። ያን ጠዋት ያገኘሁት ምስጋና ሁሉ እውነት ነበር፤ ከተናገረው ውስጥ የምክደው አንድም ቃል አልነበረም። ሆኖም አንዱም አልጣመኝም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁት ከኋላው። «ይህን ያህል እንደሚያከብሩኝ አላውቅም ነበር።»

ዘወር አለ። መሀረቡ ከእጁ ወደቀ። «ዶ... ዶክተር!»

ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይቸግረኛል። ጎረቤቴ ሆዷን ይዛ አግዳሚው ላይ ተኛች። ሙሽሪት እንባዋ በኩሏ ላይ ወረደ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሴቶች የዘቀዘቁትን ነጠላ እያስተካከሉ እልል አሉ፤ እልልታው ለእኔ መነሣት ነው አሉኝ ኋላ።

«ታዲያ የሞተው ማን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ ግራ ገብቶት።

«እስካሁን ማንም» አሉት ዳኛው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አንተ ቁጭ በል እስቲ፤ ቆመህ ደከመህ።»

ወጣቱ ፖሊስ ቆቡን በእጁ እያዟዟረ ተነሣ። «ቆይ፣ ለቅሶ ካልሆነ ይሄ ምንድን ነው? ሰልፍ ነው?»

«ቁጭ ያለ ሰው ሰልፍ ወጣ ይባላል እንዴ ልጄ?» አሉት ዳኛው። «ሻይ ስጡት።»

ሻይ ተሰጠው። ልጁ ወደ ሕዝቡ አየ፤ ወደ ብርጭቆው አየ፤ «ብቻ እንዳትጣሉ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሊቀመንበሩ በዚህ ጊዜ ነገሩ ገብቶት ነበር። የተዘጋውን በር አየ፤ ጎረቤቴን አየ፤ ልብሱን አስተካክሎ ሊሄድ አንድ እርምጃ ተራመደ። ያ ሰው ያን ጊዜ ቢሄድ ኖሮ ሳቃችን ሳቅ ሆኖ ይቀር፣ ሶፋውም ቦታውን እንደያዘ ይከርም ነበር። ጎረቤቴ ይህ ስለገባት ሳቋ ቆመ፤ ልጅዋን በእጇ ያዘች። እኔ ደግሞ ከዘራዬን መሬት መታሁ። ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ለተማሪ እንዲህ ነበር እያልሁ ያሳየሁትን ቃል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነቴን ተናገርሁት።

«ተጠየቅ!»

ይህን ቃል ለማያውቁ ወጣቶች ባጭሩ ላስረዳ። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽ ሰው በአደባባይ ተነሥቶ ተጠየቅ ሲል፣ የተጠየቀው ሰው ጌታም ይሁን ደሀ ልጠየቅ ብሎ መቆም ነበረበት። ዳኛ ከሌለ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ዳኛ ይሆናል። ሙግቱ ተራ ንግግር አይደለም፤ ቃል እየተመታ፣ ስንኝ እየተቋጠረ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደዱ ነው። ሊቀመንበሩ የሸዋ ገጠር ልጅ ነው፤ አባቱ በሙግት የታወቁ እንደነበሩ ኋላ ነግሮናል። ያን ቀን ግን ያየነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃሉን ሲሰማ እግሩ ቀጥ አለ። ሳያስበው፣ ከልጅነቱ የመጣ በሚመስል ድምፅ መለሰልኝ።

«ልጠየቅ!»

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ዳኛው ጋቢያቸውን አጣፍተው ከመካከል ቆሙ። «ዳኛው እኔ ነኝ» አሉ። «የሚያጭበረብር ወዮለት። ቀጥል።»

በወግ ሙግት ላይ አንቱታ የለም። እኔም ጎረቤቴን እያሳየሁ፣ ከዘራዬን እየወዘወዝሁ፣ እንዲህ አልሁ፦

«ሳትጠይቀን ዘግተህ፣ ሳንመክርበት፣
እንዴት ሶፋ ይደር ሙሽራ በሚወጣበት?»

«እሰይ!» አለች ጎረቤቴ። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የት ደብቀውት ነው የኖሩት?»

ሊቀመንበሩ ኮቱን አወለቀ። አንዱ ጎረቤት ጋቢውን አውልቆ ሰጠውና እንደ ወጉ ትከሻው ላይ ጣለው። ሁለት ጊዜ ተንጎራደደ፤ ከንፈሩን ነከሰ፤ ከዚያ እጁን ዘረጋ፦

«ውኃው ከላይ ፎቅ አልወጣም ሲለኝ፣
ፓምፑን ላሠራ ነው፤ ሌላ ምን ነበረኝ?»

ጭብጨባው እንደ ጀመረ ተቋረጠ። የላይኛው ፎቅ ሰዎች ተያዩ። እውነት ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ውኃው እስከ ላይ ይደርስላቸው ጀምሮ ነበር። ተመስገን ከማለት በቀር ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ስንኙን ትቶ በተራ ቃል ነገረን። የግቢው ፓምፕ ተቃጥሎ ነበር፤ ኮሚቴው ማሠሪያ ገንዘብ አጣ፤ የሶፋ ነጋዴው ቤቱን ከሰጣችሁኝ አሠራላችኋለሁ አለ፤ ኮሚቴው ተስማማ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለች ሙሽሪት። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብድግ ብላ ነው። «እኛ እኮ የተናደድነው በሶፋው አይደለም። ሲሪየስሊ። ፓምፑ ተቃጥሏል ብትሉን እኛ መላ አናመጣም ነበር?»

ሊቀመንበሩ ጋቢውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። «ስብሰባ ብጠራ ትጨቃጨቃላችሁ ብዬ ነው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሥራው በጭቅጭቅ እንዳይጓተት። ጭነት ክፍል ሳለሁ አንድ ሰው ያዝዛል፤ ዕቃው ይነሣል። እናንተ ግን ዕቃ አይደላችሁም፤ ገብቶኛል።»

ዳኛው ብዙ አላሰቡም። «ውኃውን ስላመጣህ እግዜር ይስጥህ» አሉት። «ሳትጠይቅ መዝጋትህ ግን አግባብ አይደለም። ለሁለቱም ሥራህ ተጠያቂው አንተው ነህ። ቁልፉን ወዲህ በል።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እንግዲህ ከሊቀመንበርነቴ ለቅቄያለሁ» አለ።

ይህን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የተቆጣችው ጎረቤቴ ናት። «የት ሊሄዱ? መልቀቅማ ቀላል ነው! ይቀመጡና መልስ ይስጡ እንጂ። ነገ ፓምፑ ሲቃጠል ማንን ልንጠይቅ ነው?»

እጅ ይውጣ ተባለ። እንዲቆይ ሁሉም እጅ አወጣ፤ ከወዲያኛው ብሎክ ለእኔ ለቅሶ የመጡት ሳይቀሩ አወጡ። የተቆረጠውም እንዲህ ነው፦ ሊቀመንበሩ በየወሩ አንድ እሑድ በኮሚናሉ ደጃፍ ቆሞ ኮሚቴው የሠራውንና ያሰበውን ይናገራል፤ ማንም ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ ተጠየቅ ቢለው ልጠየቅ ይላል። ፓምፑን ደግሞ ነዋሪው ራሱ ይይዘዋል፤ ነጋዴው ያወጣውንም አዋጥቶ ይመልስለታል። በዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ተቃወሙ። ተቃውሟቸው በሙሉ ተሰማ፤ ረጅም ነበር፤ ሊቀመንበሩ እስከ መጨረሻው ቆሞ አዳመጠ።

በሩ ሲከፈት አንድም ሰው እርዱን እስኪባል አልጠበቀም። ወንድ ሴቱ ሶፋውን እየተሸከመ አወጣ። ዝናቡ ማካፋት ስለጀመረ በድንኳኑ ሥር ደረደርናቸው፤ ከተደረደሩ ደግሞ ባዶ ይቀመጡ ዘንድ አልተገባም። አሮጊቶቹ ከአግዳሚው ተነሥተው ላስቲኩ ላይ እየተንሸራተቱ ሰፈሩ። ሊቀመንበሩ የአንዱን ሶፋ ጫፍ ከእኔ ጋር እንደያዘ፣ እያለከለከ፣ «ዶክተር፣ ሞተው ሳሉ ይሻሉን ነበር» አለኝ። ሶፋው ከእጃችን ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም።

የሶፋ ነጋዴው ተደውሎለት እየሮጠ ሲደርስ፣ ዕቃው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተደርድሮ ሽማግሌና አሮጊት ተቀምጦበት ሻይ ይጠጣበታል። ፊቱ ወዲያው በኀዘን ተመላ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማን ነው?» አለ ለፖሊሱ በጆሮው።

«ማንም» አለው ፖሊሱ። «ሶፋውን እየሞከሩት ነው።»

ነጋዴው ነገሩን ሲረዳ አልተጣላንም። እዚያው ገርጂ ሌላ መጋዘን እስኪያገኝ ጥቂት ቀን ሶፋው በድንኳኑ ሥር ቆየለት፤ ጥበቃዎቹም ተራ በተራ ተደላድለው ጠበቁለት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ቤተሰብ በእርግጥ ሶፋ ገዛ፤ ቁጭ ብሎበት ስለወደደው።

ጎረቤቴ ግን ያን ዕለት ሶፋው ወጥቶ ሳያልቅ ኮሚናሉ ውስጥ ገብታ ነበር። በባዶው ወለል ላይ እየተዘዋወረች በእግሯ ትለካለች። ድስቶቹ በዚህ፣ የጠላ ጋኑ በዚያ፣ ሽማግሌዎች በወዲህ ትላለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስመለከት አየችኝና ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«ጋሼ፣ አባቷ ስለሌለ ከሴት ልጅ ወገን ቆመው የሙሽራውን ሽማግሌዎች የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት። ዝም እላለሁ እንዳይሉኝ፤ ከዛሬ ወዲያ የሚያምንዎት የለም።»

እንቢ ማለት ይገባኝ እንደነበር አሁንም አላውቅም። እሺ አልሁ።

ሠርጉ በተቆረጠለት ቀን ሆነ። ኮሚናሉ ውስጥ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ወጥ ግቢውን በመዓዛው ሞልቶታል። የሙሽራው ወገኖች ከሲኤምሲ በመኪና ተከታትለው፣ ጡሩምባ እየነፉ ገቡ። የሙሽሪት ጓደኞች በሩን ይዘው አናስገባም እያሉ ሲጨፍሩ ቆዩ። በመጨረሻ ዝም በሉ ተባለና ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ቀረቡ። እኔም ከዘራዬን ይዤ በበሩ መካከል ቆሜ እንኳን ደህና መጣችሁ አልኋቸው። ከዚያ ልጅቱ በምን ግቢ እንዳደገች ነገርኋቸው። ከዚያ ስለ ጥንቱ ጋብቻ ሥርዓት ጥቂት ማስረዳት አስፈላጊ መስሎ ታየኝ። ከጥንቱ ሥርዓት ደግሞ ወደ ውል፣ ከውል ወደ ዋስ፣ ከዋስ ወደ ሙግት ወግ መሻገር ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ በፀሐይ ቆመው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። ሙሽራው ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ይዛወራል። ሙሽሪት ከውስጥ ሆና በሚዜዋ ትከሻ ላይ አጮልቃ ትስቃለች።

«ጋሼ!» የሚል ድምፅ ከድስቶቹ መካከል መጣ። ጎረቤቴ ማማሰያ ይዛ ነው። «ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይበቃል! ወጡ ቀዘቀዘ፤ ያስገቧቸው!»

ከበሩ ገለል አልሁ። እልልታው ገባ፤ ሰዉ ገባ፤ የሲሚንቶው ወለል ጠፋ። ያልጨረስሁትን ግን አልተውሁትም። ከሙሽራው አጎት ጎን ቦታ ፈልጌ ተቀመጥሁ፤ ሰውየው አፋቸው በጉርሻ ተሞልቶ መመለስ ስላልቻሉ፣ ከዋስ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው።